ይበል ሕዝብ፦ የቅዳሴ ተሰጥዎን ለምእመናን የማስተማር ዝርዝር መመሪያ

መጽሐፈ ቅዳሴን የገለጠ ሰው በየአንቀጹ መነሻ ላይ አጫጭር ፊደላትን ያገኛል። «ይ.ካ» ይበል ካህን፣ «ይ.ዲ» ይበል ዲያቆን፣ «ይ.ሕ» ይበል ሕዝብ። ሁለቱ በየሳምንቱ ይፈጸማሉ። ሦስተኛዋን ግን በብዙ አጥቢያ ሕዝቡ ሳይሆን ድምፅ ማጉያ የያዙ ሦስት ወይም አራት አገልጋዮች ይሏታል። ሕዝቡ ያማትባል፣ ይሰግዳል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ የሚያውቀው ቦታ ሲደርስ ትንሽ ያጉረመርማል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ምላሹ «ተሰጥዎ» ይባላል። «ተሰጥወ» በግዕዝ መለሰ ማለት ነው። ብዙዎቻችን «ተሰጥኦ» ብለን ስለምንጽፈው ቃሉ በዕለት አማርኛችን ልዩ ችሎታ ከሚለው ጋር ተደባልቆብናል፤ ምእመኑም ነገሩ ድምፅ ለተሰጠው ሰው ብቻ ይመስለዋል። «እኔ ድምፅ የለኝም» የሚለውን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ሰላምታ ለሚሰጥ ሰው ለመመለስ ግን ማንም ድምፀ መልካም መሆን አያስፈልገውም።

ይህ መመሪያ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በስብከተ ወንጌል ክፍል ለሚያገለግሉ፣ የአጥቢያቸው ሕዝብ ቅዳሴውን እንዲቀበል ለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ግማሹ ከስሕተቴ የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ፦ ፈቃድና አንድ ዜማ

የደብሩን አስተዳዳሪ ሳታማክሩ አትጀምሩ። ሥርዓቱ ያዛል፤ ከዚያም በላይ የቀዳሹ ካህን ፈቃድ ከሌለበት ሥራው በመጀመሪያው እሑድ ይወድቃል። ካህኑ ሕዝቡን የማይጠብቅ ከሆነ፣ ሕዝቡ ሁለተኛውን ቃል ሳይጨርስ እርሱ ወደሚቀጥለው ጸሎት ይገባል።

ቀጥሎ የትኛውን ዜማ እንደምትይዙ ወስኑ። በቅዳሴ ዜማ የታወቁ ሁለት መንገዶች አሉ፤ የደብረ ዓባይና የሰለልኩላ። በስፋት የሚሰማው የደብረ ዓባዩ ነው። በዚያም ላይ ቅዳሴው በግዕዝ ዜማ የሚባልበት ቀን አለ፣ በዕዝል የሚባልበት ቀን አለ፤ ግዕዝ እዚህ የቋንቋው ስም ሳይሆን እንደ ዕዝል ሁሉ የዜማ ዓይነት ነው። ሕዝቡ የቀኑን ልዩነት እንዲያውቅ አትጠብቁ። መሪጌታውን ወይም የቅዳሴ መምህሩን «በዚህ ደብር አብዛኛው ምእመን በሚገኝበት ቀን የሚባለው የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁና በዚያ ጀምሩ። ሁለተኛው ከስድስት ወር በኋላ ይደርሳል።

አንድ አስተማሪ ብቻ ይኑር። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ዲያቆናትን በየተራ አስተማሪ አደረግን። ሁለቱም በሚገባ የተማሩ ነበሩ፤ የተማሩበት ጉባኤ ግን ለየቅል ነበር። በአንዲት ምላሽ መጨረሻ ላይ አንዱ ድምፁን ሲያነሣ ሌላው ይጥል ነበር። ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለና በእሑዱ ቅዳሴ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ሄደ። ካህኑ ከመቅደስ ቀና ብለው አዩን፤ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ ከስልክ ላይ የተቀዳ ቅዳሴ እያመጣ «እንዲህም ይባላል» የሚለውን ወጣት በትሕትና መልሰን እናስቀምጠዋለን።

ሁለተኛ፦ ደብተር ይዞ መቆም

ከማስተማር በፊት አንድ እሑድ ሙሉ አዳምጡ። በቅድስት ሳይሆን ሕዝቡ በሚበዛበት፣ ቢቻል በቅጽሩ ዛፍ ሥር ቁሙ። እያንዳንዱ «ይ.ሕ» ሲመጣ ከሦስት ምልክቶች አንዱን ጻፉ፤ በሙሉ ድምፅ ያለ፣ ያጉረመረመ፣ ዝም ያለ። ከድምፅ ማጉያው የሚወጣውን አትቁጠሩ፤ ከጎናችሁ ከቆሙት እናት አፍ የሚወጣውን ቁጠሩ።

ውጤቱ ያስገርማችኋል። እኛ ሕዝቡ ምንም አያውቅም ብለን ነበር። «እግዚኦ ተሣሃለነ»ን ግን ውጭ ያለው ሁሉ ሲለው አገኘነው። «አሐዱ አብ ቅዱስ»ም ከሞላ ጎደል ነበረ። ዝምታው የወፈረው ቅዳሴው ከፍሬ ቅዳሴው (ኅብስቱና ጽዋው ከሚባረኩበት ዋና ክፍል) መግቢያ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከባዶ መጀመር አላስፈለገንም፤ ያለውን መቀጠል ነበር የሚያስፈልገው።

ሦስተኛ፦ ጥቂት መምረጥ

ቤተ ክርስቲያናችን 14 ፍሬ ቅዳሴ አላት። ይህን የሰማ ጀማሪ አገልጋይ 14 ዓይነት ምላሽ ማስተማር ያለበት ይመስለዋል። የሚለዋወጠው ይበልጡን የካህኑ ጸሎት ነው። የሕዝቡ ዋና ዋና ምላሾች ግን ቅዳሴ ሐዋርያትም ይሁን ቅዳሴ ማርያም እየተመላለሱ ይመጣሉ። እነዚያን ያወቀ ምእመን የትኛውም ቅዳሴ ቢቀደስ እንግዳ አይሆንም።

የመጀመሪያውን ዙር በእነዚህ አራት ወስኑት፦

«ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል፦ እግዚኦ ተሣሃለነ።
«እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ወይም «ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል፦ ምስለ መንፈስከ።
«አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል፦ ርቱዕ ይደሉ።
«አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል፦ ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ።

ሦስቱ የመጨረሻዎቹ በፍሬ ቅዳሴው መግቢያ ላይ ተከታትለው ስለሚመጡ አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። ለሁለተኛው ዙር «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ»፣ «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን»፣ «ንዜኑ ሞተከ» እና «በከመ ሀሎ» ይቆዩ።

አራቱ ጥቂት የሚመስለው ካለ፣ ይህ ችግር በሌላውም ዘንድ እንዴት እንደተያዘ ይመልከት። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ከጥንታዊው የግሪጎርያን ዜማ መራቁን አይታ፣ ጳጳስ ፒዮስ 10ኛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ዜማው ወደ ሕዝቡ አፍ እንዲመለስ አዘዙ። ከ71 ዓመት በኋላ በ1974 ጳውሎስ 6ኛ ለጳጳሳቱ የላኩት መድብል ግን ቀጭን ነበር፤ ማንኛውም ምእመን ሊይዛቸው የሚችላቸው ቀላል ዜማዎች ብቻ ተመርጠው ነበር የገቡበት።

አራተኛ፦ ንባቡ ከዜማው ይቅደም

በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ንባብ ሳይወጣ ወደ ዜማ አይገባም። ይህን ቅደም ተከተል ለምእመንም አታፍርሱበት። ንባቡ ያልጠራ ሰው ዜማውን ሲይዝ ስሕተቱንም አብሮ ያዜመዋል፤ በዜማ የታሰረ ስሕተት ደግሞ ለመንቀል ያስቸግራል።

አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፣ ከዚያ አይበልጥ። ግዕዙ ተልቅ ባለ ፊደል ይጻፍ፣ ከሥሩ ትርጉሙ በአማርኛ። ለምሳሌ «ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ» ከሚለው ሥር «በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን»። ካህኑ «ልባችሁን ከፍ አድርጉ» ብሎ ነው የጠየቀው፤ ሕዝቡ «አለን» ሲል ልባችን እዚያ ነው ማለቱ ነው። ይህን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው መልሱን አይረሳውም። «ብነ» የሚለውን «በነ» እያለ የኖረም በዚያው ይታረማል፤ ምን እያለ እንደሆነ ገብቶታልና።

በንባብ ጊዜ የሚበዛው ጥፋት የመጨረሻዋን ፊደል መዋጥ ነው። «መንፈስከ» ወደ «መንፈስክ» ይጠጋል። «ሞተከ» «ሞትክ» ይሆንና አማርኛ ይመስላል። አስተማሪው ቀስ ብሎ፣ ፊደል በፊደል፣ ያለ ዜማ ሦስት ጊዜ ያስነብብ። ሰው ይሰለቻል፤ ይሰልች።

የዜማ ምልክቶቹን በወረቀቱ ላይ ማስፈር አያስፈልግም። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት የተማረ ሰው የሚያነባቸው ናቸው፤ ያልተማረውን ያስፈሩታል። በነገራችን ላይ እነዚህ ምልክቶች የተሠሩት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደሆነ ይነገራል። ቅዱስ ያሬድ የኖረው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በመካከል ያለው አንድ ሺህ ዓመት ዜማው ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ የተሻገረበት ነው። ስለዚህ «ምልክት ሳያውቁ እንዴት ይማራሉ?» ለሚላችሁ መልስ አላችሁ። በወረቀቱ ላይ የምትጨምሩት አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ አጭር ሰረዝ።

አምስተኛ፦ የሃያ ደቂቃው ትምህርት

ጊዜው መቼ ይሁን? ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ እንዳታደርጉት። ያን ዕለት ሥጋ ወደሙ የተቀበለ ሰው አፉን ሸፍኖ ወደ ቤቱ የሚሄድ ነው፤ እርሱን ቁጭ አድርጎ ማስጮህ አይገባም። እኛ ይህን ያሰብነው አንድ አባት ከቆጡን በኋላ ነበር። የተሻለው የማታ ጉባኤ ነው፤ ሕዝቡ ተቀምጧል፣ ስብከቱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። በጾም ወራት ደግሞ ቅዳሴው ዘግይቶ ስለሚገባ ቀደም ብሎ የሚሰበሰበው ሕዝብ ጥሩ ጊዜ ይሰጣችኋል።

አሠራሩን በአንድ ምላሽ ላይ ላሳይ። የሁለተኛው ዙር ናት፤ ረዘም ስለምትል ነው የመረጥኳት፦ «አሜን አሜን አሜን፤ ነአምን ወንትአመን፤ ንሴብሐከ ኦ እግዚእነ ወአምላክነ፤ ከመ ዝንቱ ውእቱ በአማን ነአምን።» አንድ ጊዜ በኅብስቱ፣ አንድ ጊዜ በጽዋው ላይ ትባላለች።

አስተማሪው መጀመሪያ ሙሉውን ብቻውን ያዜማል፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ ይሰማል። አብሮ ማንጎራጎር የለም። ሁለተኛ ጊዜም እንዲሁ። በሦስተኛው ጊዜ አራት ቦታ ይቆርጣታል። ከዚያ ብዙ አስተማሪ የሚያደርገው ከመጀመሪያዋ ቁራጭ መነሣት ነው፤ እኔ ግን ከመጨረሻዋ ጀምሩ እላለሁ። «ከመ ዝንቱ ውእቱ በአማን ነአምን» ብቻ። አስተማሪው ይላል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ አራት ጊዜ። ከዚያ ሦስተኛዋ ከአራተኛዋ ጋር። ከዚያ ሁለተኛዋ ትጨመራለች። «አሜን አሜን አሜን»ን ሁሉም ስለሚያውቃት መጨረሻ ላይ ትመጣለች። እንዲህ ሲሆን ሕዝቡ ወደፊት በሄደ ቁጥር ወደሚያውቀው ይገባል። ከፊት ጀምረን በምናስተምርበት ጊዜ «አሜን» እንደ ነጎድጓድ ይጀምርና «በአማን» ላይ ሲደርስ ሦስት ሰው ይቀር ነበር።

አስተማሪው ሕዝቡ ሲቀበል አብሮ አያዚም። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው። እኔ ራሴ አፌን በነጠላዬ ይዤ የቆምኩበት ቀን አለ። አብራችሁት እስካላችሁ ድረስ ሕዝቡ እናንተን ይሰማል እንጂ ራሱን አይሰማም፤ ራሱን ካልሰማ የት እንደተሳሳተ አያውቅም።

ጭብጨባ፣ በእጅ ምት መጠበቅ፣ ከበሮ አይግባ። ከበሮው፣ ጽናጽሉና መቋሚያው በማኅሌቱ ቦታ አላቸው። ቅዳሴ ግን በሰው ድምፅ ብቻ የሚሄድ ነው፤ ርዝመቱን የሚወስነው ቃሉና ትንፋሹ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር የለመዱ ወጣቶች ሳያውቁት ምት ያስገቡበታል። አትቆጧቸው፤ ምላሹን ያለ ዜማ አስነብቧቸውና በንባቡ ርዝመት እንዲያዜሙት አድርጉ።

ስድስተኛ፦ የድምፅ ከፍታ

ሕዝቡ መነሻውን የሚያገኘው ከካህኑ ነው። ካህኑ ድምፁን ያሳረፈበት ቦታ የምላሹ መነሻ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ የካህኑን የመጨረሻ ቃል በጆሮው እንዲይዝ አለማምዱት። በልምምድ ላይ አስተማሪው የካህኑን ክፍል «አልዕሉ አልባቢክሙ» ብሎ ያዚም፤ ያለዚያ ምላሹን ብቻውን አታለማምዱ። መልስ ያለ ጥያቄው ሲሸመደድ በቅዳሴ ሰዓት አይመጣም።

ካህኑ ድምፃቸው ቀጭን ከሆነ ጎልማሶች ይቸገራሉ፤ ወፍራም ከሆነ ሴቶች። ሴቶች በራሳቸው ከፍታ፣ ወንዶች በራሳቸው ዝቅታ አንዱን ዜማ ቢሉት ይስማማል። ከሁለቱም የወጣ እንደሆነ ግን ካህኑ ትንሽ ዝቅ አድርገው እንዲጀምሩ መጠየቅ ነው። ይህን የሚነግሯቸው መሪጌታው ይሁኑ እንጂ እናንተ አትሁኑ።

ሰባተኛ፦ በቅዳሴው ላይ ማን የት ይቁም

አሥራ ሁለት ያህል ምላሹን ጠንቅቀው ያወቁ ሰዎች ምረጡ። የተለየ ልብስ አይልበሱ፣ በአንድ ቦታም አይሰብሰቡ። በወንዶቹ ወገን ሦስት፣ በሴቶቹ ወገን አራት፣ የቀሩት በበሩ አካባቢና በቅጽሩ ውስጥ ይበተኑ። ከእነርሱ መካከል ሁለቱ ወይም ሦስቱ እናቶች ይሁኑ። አጠገቧ የቆመች የሰፈሯ ሴት ስትል የሰማች እናት ትከተላለች፤ ከመቅደስ በድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ግን እንደ ሬዲዮ ትሰማዋለች።

አሁን ወደ ማይክሮፎኑ እንምጣ። የካህኑና የዲያቆኑ ድምፅ ውጭ ለቆመው መድረስ አለበት፤ በዚህ ክርክር የለኝም። በሕዝቡ ክፍል ላይ ግን ማይክሮፎን የያዘ ሰው ካለ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ከንቱ ነው። በአንድ ጊዜ ማጥፋት ካልተቻለ በደረጃ አድርጉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሪው ምላሹን በሙሉ ይበል። በሚቀጥሉት ሁለት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ብሎ ከአፉ ያርቀው፤ «ርቱዕ» ይበል፣ «ይደሉ»ን ሕዝቡ ይጨርስ። ከዚያ ይጥፋ። በመጀመሪያው የጠፋበት እሑድ የሚያስፈራ ዝምታ ይመጣል። ዝምታው ሁለት ትንፋሽ ያህል ነው። አትሙሉት።

ስምንተኛ፦ ምልክቱን ማወቅ

ምእመኑ ምላሹን እያወቀ የሚዘለው መቼ እንደሚገባ ስለማያውቅ ነው። የዲያቆኑን ትእዛዛት እንደ ደረጃ አስተምሩት። ለምሳሌ በቅዳሴ ሐዋርያት ከ«ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» በፊት ዲያቆኑ በካህኑ ጸሎት መካከል ተራ በተራ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ የተቀመጣችሁ ተነሡ። ከዚያ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ»፤ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ከዚያ «ንነጽር»፤ እናስተውል። ከዚያ «አውሥኡ» ይላል፤ መልሱ። በመጀመሪያው ቁም፣ በሁለተኛው ዙር፣ በሦስተኛው ልብህን ሰብስብ፣ በአራተኛው ትንፋሽህን ውሰድ። ይህን የነገርኳቸው አንድ አዛውንት «ስልሳ ዓመት ሙሉ መልሱ ሲለኝ ዝም ብዬው ነዋ!» ብለው ሳቁ። ምላሹንም ያን እሑድ ከሁሉ አስቀድመው ጀመሩት፤ እንዲያውም ትንሽ ቀደሙ።

መቅደም ራሱ የተለመደ ጥፋት ነው። የካህኑ ዜማ ሳያልቅ የሚገቡ አሉ። ሌላው መጎተት ነው፤ ድምፀ መልካሞቹ የመጨረሻዋን ፊደል ሲያስረዝሙ ሌላው ትንፋሽ ያጥረዋል። ልኩ ከጎን የቆሙት አዛውንት ትንፋሽ ይሁን። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ሰው ከሁሉ በላይ ሲጮህ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅን ሰው ነው፤ ለብቻው ጠርታችሁ «ከጎንህ ያለውን ሰው ድምፅ እየሰማህ በል» በሉት።

ዘጠነኛ፦ ፍጥነቱ

በወር አንድ ምላሽ በቂ ነው። ስንጀምር አራቱን በአንድ ምሽት አስተምረን በሳምንቱ አንዱም አልቀረም ነበር። ሕዝቡ በድግግሞሽ እንጂ በብልጠት አይማርም፤ ሰሙነ ሕማማት ላይ ቆሞ «ኪርያላይሶን» ሲል የሰማው ሰው ይህን ይረዳል። ቃሉ የግሪክ ነው፣ ማንም ወረቀት አልታደለም፣ ማንም ልምምድ አልጠራም፤ ስግደቱና ድግግሞሹ ግን ሕፃኑን ከአያቱ ጋር አንድ ድምፅ አድርጓቸዋል።

አዲስ ምላሽ በተጨመረበት ወር የቀደሙትን አትተዉ፤ እያንዳንዱ ልምምድ በ«ምስለ መንፈስከ» ይጀመር። «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ»ን ከአምስተኛው ወር በፊት አትንኳት፤ ርዝመቷ ሰውን ያስደነግጣል፤ ስትደርሱባትም በአንድ ወር ሳይሆን በሁለት ክፈሏት። ሕፃናትን ለብቻ አታስተምሩ፤ ከእናታቸው ጎን ሆነው ከሁሉ ቀድመው ይይዙታል፤ ቤት ገብተውም ሲጫወቱ ይሉታል።

በስድስተኛው ወር ያንኑ ደብተር ይዛችሁ ወደዚያው ዛፍ ሥር ተመለሱ። አዲስ ገጽ ግለጡ፣ ሦስቱን ምልክቶች እንደገና ጻፉ። ዝም የተባለባቸውን ክበቡ፤ የሚቀጥለው ዙር ትምህርት ከእነርሱ ይጀምራል።